አስናቀች ወርቁ፦ ከክራሩ ጀርባ የቀረው ትወና

የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ መድረክ ከወጡት ቀደምት ሴት ተዋንያን አንዷ አስናቀች ወርቁ ነበረች። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግላ በ2004 ዓ.ም. አረፈች። ስሟ ሲነሣ ግን የሚቀድመው ክራሯ ነው። ይህ ግማሽ ፍርድ ነው። ክራሯ ተቀርጾ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮፒክስ 16ኛ ቅጽ ለዓለም ቀርቧል፤ ትወናዋ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል።

ለዚህ ጎጃም ምሳሌ አላት። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ አይደገምም፤ ሆኖም የዋሸራና የጎንጅ መምህራን ስልቱን ለደቀ መዛሙርት ሲያወርሱ ኖረዋል። ትወናም እንዲህ ያለ ቤት ይሻል፤ ጀማሪው ከአንጋፋዋ እግር ሥር ተቀምጦ አነጋገሯንና አረማመዷን የሚቀጽልበት ቤት። የደብረ ማርቆስ የኪነ ጥበብ መምህራን ከዚህ ልማድ ቢነሡ፣ ከእንግዲህ የሚመጡት ተዋንያት ያለ ወራሽ አይቀሩም።