ኡሙ አይመንን ስናወሳ የምንዘነጋው

ስለ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) በዳዕዋ መድረኮቻችንና በመጽሔት ገጾች ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ትረካ ግን «ሐበሻ ነበሩ» ከሚለው አያልፍም። ኩራቱ አይከፋም። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ ከቆመ ፍሬውን ጥለን ገለባውን መያዛችን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በረካ፣ ማለትም ኡሙ አይመን፣ ከአገራቸው ርቀው በመካ የዐብደላህ ኢብኑ ዐብዱልሙጦሊብ ባሪያ ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲወለዱ አባታቸው በሕይወት አልነበሩም። በ6 ዓመታቸው ደግሞ እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ አረፉ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ ሕፃኑን ይዘው ወደ መካ የተመለሱት በረካ ናቸው። አንዳቸው ወላጅ የላቸው፣ ሌላኛቸው ወገን የላቸው። በዕድሜም በማዕረግም የማይገናኙትን ሁለት ብቸኞች አላህ እንደ እናትና ልጅ አደረጋቸው።

ተራኪዎቻችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ትልቁ ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲያድጉ ነፃ አወጧቸው፤ ለዘይድ ኢብኑ ሓሪሣም ዳሯቸው። አሳዳጊ በማያስፈልጋቸው ዘመን እንኳ ዚያራቸውን አላቋረጡም። በሶሒሕ ሙስሊም አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ አንድ ቀን ሊጠይቋቸው ሄደው የቀረበላቸውን መጠጥ ሳይቀበሉ ቢቀሩ፣ ኡሙ አይመን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቆጡ። በነቢይ ላይ እንዲህ ለመቆጣት የሚደፍር እንደ እናት የሚታይ ሰው ብቻ ነው። ከረሱል ሞት በኋላም አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸውን ለመዘየር ሄደዋል።

ይህ ክፍል ሲዘለል የሚጎዳው ትረካው ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን። እዚሁ ልደታን እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. ገደማ አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው በኮንዶሚኒየም ሲተኩ፣ በአንድ ግቢ ቡና ይጠራራ የነበረው ጎረቤት ተበተነ። ዛሬ አንዱ ፎቅ ላይ ደረጃ መውረድ የከበዳቸው እናት ብቻቸውን ይውላሉ። ሌላው ፎቅ ላይ ወላጆቹ ከሥራ እስኪመለሱ በር ተዘግቶበት የሚጠብቅ ልጅ አለ። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ደረጃ ነው።

ስለዚህ ዳዒዎቻችንና ጸሐፊዎቻችን የኡሙ አይመንን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይንገሩን። እኛም ልጆቻችንን ይዘን ያንን ደረጃ እንውጣ። ከእርሳቸው ጋር የሚያገናኘን አገር ብቻ ሳይሆን ሥራም እንዲሆን አላህ ይወፍቀን።