ሽቶው የሚያወራው ስለ ማን ነው?

የሽቶ ማስታወቂያ ሁሉ የምንወደው ጠረን ማንነታችንን ይናገራል ይለናል። እኔ ግን አይዋጥልኝም።

በ1921 እ.ኤ.አ. በወጣው ቻነል ቁጥር 5 ውስጥ እኮ ዝባድ ይገባ ነበር፤ ጥርኝ ግዛቱን የሚያስከብርበት፣ ከአገራችን በቀንድ ታሽጎ ፈረንሳይ ይላክ የነበረ ቅባት። ፓሪስ ላይ «እኔ ይህች ነኝ» ያለችው ሴት በጥርኝ ቋንቋ ነው የተናገረችው።

ቢቸና ወይም ሞጣ ለበዓል አደስ የገባበት ቅቤ የተቀባች ልጅ ስታልፍ የሚሸተን ቅቤውን ያሸው የእናቷ እጅ ነው። ነጠላዋ ላይ የቀረው ዕጣን ደግሞ ቡና የጠጣችበትን ቤት ይናገራል።

ዴቨሎፐር ስለሆንኩ እንዲህ ልበል፦ ጠረን ፕሮፋይል ሳይሆን ሎግ ነው፤ ከማን ጋር እንደዋልን ይመዘግባል። እኛ ግን አዲስ አበባ ስንገባ መጀመሪያ የምናጠፋው ያንን ሎግ ነው። ከዚያ ማንነት በውድ ዋጋ ልንገዛ ቦሌ እንወጣለን።