«ቀጥተኛ» እና «ተገላቢጦሽ»፦ በብየዳ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ የሚመዘኑት በሥርወ ቃላቸው ጥራትና ለጆሮ በመጣም በመስማማታቸው ነው። ቃሉ ባለሙያውን ወደ ትክክለኛው ተግባር ይመራው እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በኤሌክትሪክ ብየዳ ስያሜዎች ላይ ያነሣል። መነሻው በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ለሚሠለጥኑ ወጣት በያጆች ታስቦ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አንድ የማስተማሪያ ረቂቅ ነው።

ነገሩ የሚከተለው ነው። ከብየዳ ማሽን ሁለት ኬብሎች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ኤሌክትሮዱ መያዣ፣ ሌላው ወደሚበየደው ብረት ይሄዳል። ማሽኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት የሚሰጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሮዱ ከመደመር ወይም ከመቀነስ ምልክቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ረቂቁ የፊተኛውን «ተገላቢጦሽ ዋልታ»፣ የኋለኛውን «ቀጥተኛ ዋልታ» ይላቸዋል። ከቀድሞው የእንግሊዝኛ አጠራር ጋር ቃል በቃል ሲነጻጸር ትርጉሙ አይነቀፍም። ጉድለቱ የሚታየው ቃሉ በአማርኛ ውስጥ ሥራውን ሲጀምር ነው።

በመጀመሪያ፣ ረቂቁ ጅረቱንም «ቀጥተኛ» ስለሚለው «ቀጥተኛ ጅረት በተገላቢጦሽ ዋልታ» የሚል ሐረግ ተፈጥሯል። ተማሪው አንድ ነገር እንዴት ቀጥተኛም ተገላቢጦሽም እንደሚሆን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሁለተኛውና የከፋው ጉድለት፣ «ተገላቢጦሽ» በአማርኛ የነቀፋ ቃል መሆኑ ነው። «ዘመነ ግልምቢጥ፣ ውሻ ወደ ሰርዶ፣ አህያ ወደ ሊጥ» ብሎ ያደገ ሰው ተገላቢጦሽ የተባለውን ነገር ለማስተካከል ይነሣል እንጂ አይመርጠውም። ይሁን እንጂ በ6010 ቁጥር የሚታወቀው ኤሌክትሮድ የሚሠራው ከመደመር ምልክቱ ጋር ሲያያዝ ነው፤ 7018ም በአንድ አቅጣጫ ጅረት ሲሠራበት እንዲሁ ነው። ኬብሉን «ላቃናው» ብሎ የቀየረ ተማሪ ቅስቱ አልረጋ ይለዋል፣ ፍንጣሪው ይበዛበታል፣ ስፌቱም በአየር ቀዳዳ ሊሞላ ይችላል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፍ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እንዲህ ያለ ስፌት ቢኖር፣ የቃሉ ስሕተት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የሚያስገርመው፣ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ራሱ እነዚህን ሁለት አጠራሮች ከመደበኛ ስያሜዎቹ ውጭ አድርጎ፣ ኤሌክትሮዱ የተያያዘበትን ወገን በሚናገሩ ስሞች ተክቷቸዋል። ምንጩ የተወውን ቃል ተርጓሚው የሚወርስበት ምክንያት አይታየንም።

«ተለዋዋጭ ጅረት» የሚለውም ምርመራ ያሻዋል። በያጁ የአምፔሩን መጠን እንደ ብረቱ ውፍረት ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ «ተለዋዋጭ» ሲባል ይህን መጠን የሚያስብ ይሆናል። በእኛ አገር መስመር ጅረቱ በሰከንድ 50 ዑደት ሲያደርግ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ስለዚህም በትራንስፎርመር ማሽን ሲበየድ ወገን የመምረጥ ጥያቄ አይነሣም። ይህን መፈራረቅ «ተፈራራቂ ጅረት» በተሻለ ይገልጸዋል። «የኃይል ምንጭ» ደግሞ አንባቢውን ወደ ተከዜ ግድብ ይወስደዋል፤ የታሰበው ግን በዎርክሾፑ ወለል ላይ የቆመው የብየዳ ማሽን ነው። ሠራተኛው የሚጠራበት ስም እያለ ሌላ መፍጠር አያስፈልግም።

ለተነቀፉት ሁለት ቃላት «ኤሌክትሮድ አዎንታ» እና «ኤሌክትሮድ አሉታ» የሚሉትን እናቀርባለን። «አዎንታዊ» መልካም፣ «አሉታዊ» መጥፎ ማለት እየሆነ ስለመጣ ያው የነቀፋ ስሜት ይከተላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ቅጽሉን ትተን ስሙን የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዎንታና አሉታ በሰዋስው ትምህርት ያለ ምስጋናና ያለ ነቀፋ የሚነገሩ ናቸው። ከዚህም ሌላ በማሽኑ ላይ ከተጻፉት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ጋር ወዲያው ይመሳከራሉ። በያጆች «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» ሲሉም የሚጠሩት ኬብሉ የሚገባበትን ቦታ እንጂ ቀናነትን ወይም መገልበጥን አይደለም። የስያሜውን መሠረት ባለሙያው አስቀድሞ አግኝቶታል፤ የተርጓሚው ድርሻ ያንኑ መሠረት በአማርኛ ቃል ማጽናት ነው።