ደጋ፣ ሩጫና የሯጭ ዕድሜ

ስለ ረዥም ርቀት ሯጮቻችን በተነገረ ቍጥር «ደጋ ያሳደገውን ሰው ሩጫ አይጎዳውም» የሚል አስተሳሰብ ይገጥመናል። ይህ እምነት በሮቤና በጎባ ያሉትን ወጣቶች የሚነካ ስለ ሆነ ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ፣ አስተሳሰቡ ቀጭን አየር መልመድንና ከጉዳት መጠበቅን ያደባልቃል። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ከሰሜን ተራሮች አማሮች የበለጠ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው አሳይቷል። እንግዲህ «የደጋ ሰው» የሚባል አንድ ወጥ አካል የለም። ደግሞም ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ይሸከማል እንጂ ጅማት አይጠግንም። አሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን በቀዶ ጥገና መታከም ነበረበት።

ሁለተኛም፣ ለጤና መሮጥንና ለውድድር መሮጥን አይለይም። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊንላንድ ጥናት የጽናት ስፖርተኞች ዕድሜ በአማካይ 75.6፣ የሌሎች ወንዶች ግን 69.9 ዓመት መሆኑን ገልጿል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ያረዘመው ሩጫው ይሁን ጠንካራ ሆኖ መፈጠር ከቍጥሩ ብቻ አይታወቅም። በዚያው አገር በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት የጕልበት መገጣጠሚያ መበላት ከቀድሞ ሯጮች በ14 በመቶ፣ ከዒላማ ተኳሾች በ3 በመቶ ላይ ተገኝቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከ52,000 በላይ የስዊድን የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን የተከታተለ ጥናትም የልብ ምት መዛባት ብዙ ጊዜና በፍጥነት በተወዳደሩት ላይ እንደሚበዛ አመልክቷል። ስለዚህ ስፖርት ዕድሜ ይሰጣል፤ ውድድር ግን ዋጋ ያስከፍላል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዋጋውን የሚከፍለው ባለ ሜዳሊያው ብቻ አይደለም። ከሚሮጡት የሚበዙት ሜዳሊያ ሳያገኙ ወደ እርሻቸው ወይም ወደ ንግዳቸው ይመለሳሉ፤ የታመመ ጕልበት ለገበሬ የኑሮ ጕዳይ ነው። በቂ ምግብ ሳታገኝ አብዝታ የምትለማመድ ልጃገረድም የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል።

በባሌ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎባም ሪፈራል ሆስፒታል አለ። መሮጥ የጀመሩትን ወጣቶች መዝግቦ፣ ካቆሙም በኋላ በየጊዜው ልባቸውንና መገጣጠሚያቸውን መርምሮ የሚጽፍ ተማሪ ለአገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል። አሸናፊን ብቻ የሚቈጥር ስፖርት የተሸነፈውን አካል ሳያይ ያልፋል።