ቀብሩ የሸሪዓ፣ ለቅሶው የቅሬ፦ የወሎ ገጠር ሙስሊሞች የሐዘን ሥርዓት

ስለ ወሎ ገጠር ሙስሊሞች የቀብርና የለቅሶ ሥርዓት የሚባለው ወደ ሁለት ጫፍ ያጋደለ ነው። አንዱ ወገን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተባብረው መቅበራቸውን የመቻቻል ምሳሌ አድርጎ አሞግሶ ያልፋል፤ ሌላው ሃይማኖትን የበረዘ ቢድዓ (አዲስ ፈጠራ) ይለዋል። ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ፤ ሥርዓቱ የቆመው ሥራ ተከፋፍሎ ነው።

ቀብሩን እንይ። ጀናዛው (አስከሬኑ) ሦስቴ ወይም አምስቴ፣ ብቻ በጎደሎ ቁጥር ይታጠባል። ወንዱ በሦስት፣ ሴቷ በአምስት ጨርቅ ይከፈናሉ። ሶላተል ጀናዛ በአራት ተክቢራ ቆመው የሚሰግዱት ነው፤ ሩኩዕም (ማጎንበስ) ሱጁድም (በግንባር መደፋት) የለውም። ከዚያ ሟች በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። መንደሩ እዚህ ላይ የሚጨምረው የለም፤ የደሴ ዙሪያው ሼህ የሚያደርገውን የካይሮውም ያደርገዋል።

የመንደሩ ድርሻ ሌላ ነው። መርዶውን የሚያሰማው፣ ቆፋሪ የሚመድበው፣ ቃሬዛ የሚያቀርበው ቅሬ ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር እንደሚለው ያለ መረዳጃ ሲሆን፣ በብዙ የወሎ መንደሮች የሁለቱም እምነት ሰዎች አባል ናቸው። ክርስቲያኑ ጎረቤት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሶላቱ ሲደርስ ፈንጠር ብሎ ይጠብቃል። ለቅሶ ቤት ሥጋ ከቀረበ ሁሉም የየራሱን እርድ ይበላል፤ ንፍሮውና ቡናው ግን የጋራ ነው።

ክርክሩ የሚነሳው ለቅሶው ላይ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ማልቀሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የተከለከለው ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድና ሙሾ ማውረድ ነው። ዘመድ ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን አይቀመጥም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን፣ እርጉዝ ካልሆነች፣ ዒዳዋ (የመቆያ ጊዜዋ) አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። መንደሩ ደግሞ እንደየአካባቢው በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአርባኛው ቀን ሰደቃ (የምጽዋት ድግስ) ያወጣል፤ ቁርኣን ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ እስልምና ሥር እንዲሰድ የሱፊ ሼሆች የነበራቸውን ሚና አሳይተዋል። ሰደቃውና ዱዓውም ከዚህ ውርስ ተነጥለው አይታዩም።

ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ የበረታው የሰለፊያ ትችት ለአርባ ሰደቃ ማስረጃ የለም ይላል። ትችቱ ቸል የማይባል ማኅበራዊ ፍሬ አለው። በ629 እ.ኤ.አ. የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ቢን አቢጧሊብ በሙእታ ዘመቻ ሲገደል ነቢዩ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። ሐዘንተኛው ራሱ ተበድሮ በሬ አርዶ ቀዬውን የሚያበላ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል።

ቅሬን አወዳሹም ተቺውም ወገን አሳንሰው ያዩት እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ የተጋገረ እንጀራ በመሶብ ለቅሶ ቤት ሲገባ የጃዕፈር ሐዲስ በተግባር እየዋለ ነው፤ ያውም አንዳንዱን እንጀራ የጋገረችው ክርስቲያን ጎረቤት ናት። በዚህ ዓይን ሲታይ ለሱና (ለነቢዩ ፈለግ) የሚቀርበው ልማዱ ራሱ የወለደው ተቋም ነው። የአርባውን ወጪ በመተዳደሪያ ደንብ መገደብም ቅሬ የሚችለው ሥራ ነው። ግን በሰደቃ ጉዳይ ክርስቲያኑ አባል ድምፅ ይስጥ ወይስ አይስጥ? መቻቻልን የሚያወድሱት ጸሐፊዎች እስካሁን ሊያነሱት ይገባ የነበረው ጥያቄ ይህ ነበር።