ተራው የማን ነው?

አሰላ በሄድኩ ቁጥር ሳልገባባት የማልመለስ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ሻይዋ ከሌላው ስለሚበልጥ ሳይሆን ወሬዋ ስለሚበልጥ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ብቅ ስል ቴሌቪዥኑ የመኪና ሽቅድምድም ያሳያል። ኳስ ጠብቀው የመጡት ጎረምሶች አኩርፈዋል። ከመካከላቸው ቱታ የለበሰ አንድ ቀጭን ልጅ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አገር እየቀያየሩ የሚሽከረከሩት ምን ጠፍቷቸው ነው?» አለኝ።

እኔ አስተማሪነትን ትቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልተወኝም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ስለ መኪና ብጠየቅም ዝም ማለት አልሆነልኝም። የማውቀውን ነገርኩት። (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ፤ ነገሩም የፈረንጅ ነውና።)

ፎርሙላ ዋን ዘላን ውድድር ነው። አንድ አገር ያስተናግደዋል፤ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ይጓዛል። ቤልጅየም ውስጥ ስፓ ፍራንኮርሻም የሚባል፣ በጫካ መሐል የሚጠማዘዝ የመወዳደሪያ መንገድ አለ። ሻምፒዮናው በ1950 ሲጀመር ከነበሩት አስተናጋጆች አንዱ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ውሉ እስከ 2031 ሲታደስለት ግን በ2028 እና በ2030 እንደማያስተናግድ አብሮ ተነገረው። አንጋፋውም ወረፋ ያዘ ማለት ነው። ጀርመኖችማ ቀድመው ለምደውታል። ከ2007 ጀምሮ ኑርቡርግሪንግና ሆከንሃይም «አንድ ዓመት አንተ፣ አንድ ዓመት እኔ» ተባብለው ነበር። በ2015 ተራው የኑርቡርግሪንግ ነበር፤ በገንዘቡ ስምምነት ጠፋና ጀርመን ያን ዓመት ውድድር ሳታይ ቀረች። አፍሪካን ካነሳን ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደችው በ1993፣ ደቡብ አፍሪካ ካያላሚ ላይ ነው።

«ታዲያ ለእኛስ ተራው መቼ ይደርሰናል?» አለ ልጁ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ «ውድድሩ በባጃጅ ከሆነ ነገውኑ!» አለ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ግን የልጁ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። መኪናውን እንተወው። እንደ መኪናው ሁሉ ከአገር አገር የሚዞር፣ እኛም በላባችን ድርሻ የገዛንበት ሌላ ውድድር አለ፦ አገር አቋራጭ።

ይህን ውድድር በ1903 እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ሆነው ጀመሩት። ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ለከርሞ አንተ ዘንድ እየተባባሉ አዞሩት። በ1973 የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ኢትዮጵያ የገባችው በ1981፣ ማድሪድ ላይ ነው። ያን ቀን የእኛ ልጆች ዙር ተምታታባቸው፤ የመጨረሻው መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር ተፈተለኩ። ስህተቱ ሲታወቅ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀደመ፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ። በቡድን ግን ወርቁን ይዘን ተመለስን። እየተሳሳቱም ማሸነፍ እንዲህ ነው!

ከዚያ በኋላ አርሲ ምን እንዳደረገች ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደራርቱ ቱሉ በደርሃም፣ በቱሪንና በቪላሙራ አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ ተከተለች። ቀነኒሳ በቀለ ደብሊን፣ ሎዛን፣ ብራስልስ፣ ሴንት ኤቲየን አጠገብ፣ ፉኩኦካ፣ ኤደንብራ እያለ ለብቻው 11 የአዋቂዎች ወርቅ ሰበሰበ። እስቲ የከተሞቹን ስም ደግማችሁ አንብቡት። ሦስቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ያሸነፉባቸው ቦታዎች ሁሉ ግን የሰው አገር ናቸው። ሻምፒዮናው ወደ አፍሪካ መጥቶ አያውቅም እንዳልል ራባት፣ ስቴለንቦሽ፣ ማራካሽ፣ ሞምባሳና ካምፓላ አስተናግደዋል። ኢትዮጵያ ግን ከ50 ዓመት በላይ በሆነው ታሪኩ አንድም ጊዜ አላስተናገደችም። በ2012 የበቆጂን ሯጮች የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ወጥቷል። ካሜራው በቆጂ ደርሷል፤ ውድድሩ አልደረሰም።

«ከፍታው ለእንግዳ ይከብዳል» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። ግን በ1968 ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው እዚያ ነው። ፎርሙላ ዋን ራሱ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲወዳደር መሐንዲሶቹ መኪናውን ለስስ አየር ያዘጋጁታል እንጂ ከተማዋን ዝቅ በይ አይሏትም። በ2007 ሞምባሳ ላይ ቀነኒሳ የባሕር ዳርቻው ሙቀት አሸንፎት አቋርጦ ሲወጣስ፣ ለደገኛ አይመችም ተብሎ ውድድሩ ተነሳ? አልተነሳም። ሁሉም ሰው በተራው በሰው አየር ይቸገራል።

ችግሩ ሌላ ነው። እኛ «ተራ» እያልን የምንጠራው «ጨረታ» ኖሯል። ማስተናገድ የሚፈልግ ከተማ ያመለክታል፣ ሆቴሉን፣ መንገዱን፣ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን ያሳያል፣ ወጪውን እሸከማለሁ ይላል። ያልቻለ ወረፋው ውስጥም የለም። ጀርመንን የሚያህል አገር በ2015 በገንዘብ ተራውን ካጣ የእኛ ምን ይገርማል?

የእኛ ተራ ግን እንዲህ አልነበረም። እናቴ አሰላ ውስጥ የማርያም ማኅበር ነበራት። በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም.፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ ጽዋው እኛ ቤት ደረሰ። ቤት ውስጥ የሚጠመቅም የሚጋገርም አልነበረም። እናቴ ለማኅበሩ ሙሴ፣ «ይቺን ተራ ይዝለሉኝ በልልኝ» ብላ ላከችኝ። ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩኝና፣ «ጽዋ አይዘለልም ልጄ። እናትህ ቤቷን ትጥረግ፤ እኛ እንመጣለን» አሉኝ። መጡም። አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ቂጣ በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም እናት ጀበናና ሲኒ አዋሱን። እናቴ ያን ቀን እንደ ማንም ባለቤት በሯ ላይ ቆማ እንግዳ ተቀበለች። ሲሄዱ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ዛሬም ሰው ነኝ።»

የአካባቢዬ ሕዝብ የተራን ነገር ከማንም አይማርም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይረካከባል። እቁቡም፣ ደቦውም በተራ ነው። በእነዚህ ሁሉ ተራ የሚደርስህ አባል ስለሆንክ ነው። ድሃ ከሆንክ ሸክሙ ይቀልልሃል እንጂ ስምህ አይፋቅም።

አሁን ጣቴን ወደ ራሳችን ላዙር። ፈረንጅን መውቀስ ቀላል ነው። እኛስ በአገራችን ምን አደረግን? ትልቁ አገር አቋራጫችን ለስንት ዓመት በጃንሜዳ ስም ሲጠራ ኖረ። በ2020 በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ ራሱ አትክልት ተራ ሆኖ አረፈው! አሰላ አረንጓዴ ስታዲየም አላት፣ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛም አላት፣ አገር አቀፍ ውድድሮችም ተካሂደውባታል። የአገር አቋራጩ ልጅ ግን አሁንም ሊታይ ሲፈልግ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ይሳፈራል።

እዚያው አሰላ የሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው ቆጣ አለ። «መጀመሪያ የቧንቧው ውኃ በየቀኑ ይምጣ። ለአንድ ቀን ሩጫ ተብሎ የሚሠራ ስታዲየም የፍየል መዋያ ነው የሚሆነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለውኃው ቅድሚያ እሰጣለሁ። ግን አገር አቋራጭ ስታዲየም አይፈልግም። ሞምባሳ በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው የሮጠችው። ገብሱ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ የበቆጂ ሜዳ ባዶውን ነው። ችካልና ገመድ፣ ሰዓት ያዥ፣ አምቡላንስ፣ ለሯጮቹ ማደሪያ ይበቃል። ዓለም ይምጣልን ከማለታችን በፊት የአገሩን አገር አቋራጭ በተራ እናዙረው፤ አንድ ዓመት በቆጂ፣ አንድ ዓመት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ዓመት ሌላ ደጋ። አቅም ያነሰውን ሌሎቹ ንፍሮና ቂጣ ይዘው ይምጡለት።

በማግስቱ ሻይ ቤቷ ተመለስኩ። ባለ ቱታው ልጅ አለ። ሯጭ ነው፤ ከበቆጂ መጥቶ አሰላ ከአክስቱ ጋር ይኖራል። ስንት ውድድር እንደሮጠ ጠየቅሁት። ሰባት አለኝ።

«እናትህ ምን ትላለች?»

«ደስ ይላታል» አለ። ቀጠለና፣ «ግን ስወዳደር አይታኝ አታውቅም። የአውቶቡሱ ብር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው» አለኝ።

ሰባት ጊዜ ሮጧል፣ አንድም ቀን በእናቱ ደጅ አልሮጠም። ተራው የማን እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ካለ ከእኚህ ሴትዮ ይጀምር።

ቸር እንሰንብት።