ጩኸቱና ምክንያቱ

ኪነ ጥበብ የሰውን ድርጊት ከነምክንያቱ ካላሳየ ኅብረተሰቡን አያስተምርም። ይህ መመዘኛ ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን በሚመለከት በብርቱ ሊፈተን ይገባዋል።

በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሻደይ ሲከበር ሰቆጣ በከበሮ፣ በጭብጨባና በልጃገረዶች ዜማ ትደምቃለች። በዚያ ደስታ መሃል አንድ ሕፃን ጆሮውን ደፍኖ ቢጮህ፣ ራሱን በእጁ ቢመታ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ እንዴት አድርጎ ይቀርጸዋል? ቀላሉ መንገድ ወይ የርኩስ መንፈስ ምልክት፣ ወይ የሳቅ መፍጠሪያ ማድረግ ነው። ሁለቱም ምክንያቱን አይጠይቁም።

ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን ከሌላው ሰው በበረታ ኃይል ይቀበላሉ። የለመዱት የዕለት ሥርዓት ሲፋለስ ይታወካሉ። ሕመምና ፍርሃታቸውን በቃል መግለጽ ሲሳናቸው በሰውነታቸው ይናገራሉ። ብልግና ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ተብሎ የሚወገዘው ቁጣ ብዙ ጊዜ አቤቱታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሬይን ማን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በዚህ ረገድ ብርታትም ድክመትም አለው። ደስቲን ሆፍማን የተጫወተው ሬይመንድ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ በድንጋጤ ራሱን ይመታል። ተመልካቹም ድምፁን አብሮ ስለሚሰማ የጭንቀቱን ምንጭ ይረዳል። ይሁንና ገጸ ባሕርዩ በስሌት ተአምር የሚሠራ ሆኖ በመቀረጹ በብዙዎች ትዝታ የቀረው ተአምሩ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች እንዲህ ያለ ተሰጥኦ የላቸውም፤ ለመከበርም አያስፈልጋቸውም።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በየቤቱ የተደበቁ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ ታገሉ። ሐፍረትን ድል የነሣ ይህን የመሰለ የእናት ትግል ለመድረክ የሚበቃ ቁም ነገር ነው።

ሰቆጣ ግን ከአዲስ አበባ ሩቅ ናት። ኽምጣናና አማርኛ በሚነገርባቸው በዋግ ኽምራ ደጋዎች ሕፃኑን ከባለሙያው አስቀድሞ የሚያገኘው መምህሩ ነው፤ የጎረቤቱንም አስተያየት ለመለወጥ የኪነት ቡድኑ ቅርብ ነው። ስለዚህ ደራሲያንና ተዋንያን ያን ሕፃን ወደ መድረክ ሲያወጡት፣ ተመልካቹ በጩኸቱ እንዳይስቅ፣ ይልቁንም ከበሮውን በሕፃኑ ጆሮ እንዲሰማው ያድርጉ። እናቱ እጁን ይዛ ጸጥ ወዳለ ጥግ ስትወስደው ቀስ በቀስ ሲረጋጋም ያሳዩ።